ከፊት ወደ ኋላ

«ጨረስኩ!»
ድምጿ በኮሪደሩ ተንደርድሮ ይመጣል፤
እጄ ሽንኩርት ላይ ነው፣ ዘይቱ ይንጣጣል።
«ጨረስኩ፣ እማዬ!» ይኸው ሁለተኛ፤
የታች ቤት ጎረቤት፣ ሌት ሠርቶ ቀን የሚተኛ፣
ሳይሰማት አይቀርም።
ይስማ፤ ልጅ ስትጨርስ ነውር የለም።

ላይፕዚግ፣ አራተኛ ፎቅ፤ መስኮት አልባ ሽንት ቤት፣
ክንዴን ብዘረጋ ግራና ቀኝ ግድግዳ የምነካበት።
ትንግርት እዚያ ውስጥ፣ እግሯ ተንጠልጥሎ፣
ታይቷ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ተጠቅልሎ፣
እንደ ዳኛ ተሰይማ ትጠብቀኛለች፤
ፍርዱን ጨርሳለች።

ፖፖዋን የጣልነው ካቻምና ነበር።
ዳይፐር ቀረልኝ ብዬ ለዘመድ ሳበስር፣
ማን ነገረኝ ያኔ፣ ከፖፖው በኋላ
እንደሚጠብቀኝ ገና ክፍል ሌላ?
አንድ ቀን ከቦርሳዋ፣ ብስኩት የተጣበቀበት፣
ደብዳቤ አገኘሁ ከመዋዕለ ሕፃናት፦
«ትንግርት ጎበዝ ናት፣ ብቻዋን ትሄዳለች፤
ለመጥረጉ ግን ዛሬም ሰው ትጠራለች።
በነሐሴ ትምህርት ቤት ነው። ቤት ብትለማመድ።»

እኔን ማን እንዳስተማረኝ? አላስታውስም።
በእኛ ቤት ነገሩ በስሙ አይጠራም፤
«ወጣ ብዬ ልምጣ» ነበር ቋንቋችን፤
ወጥተን የምናደርገውን ማንም አልነገረን።

ስለዚህ ቅዳሜ ሁለት ፊኛ ነፋሁ፤
ከወንበር መደገፊያ ጎን ለጎን አሰርሁ፤
መሐላቸው ላይ ቸኮላት ቀባሁ።
«ይሄ መቀመጫ ነው» ስላት ሳቋ ፈነዳ፤
ፊኛውም ፈነዳ፤
ቸኮላት መጋረጃው፣ ቸኮላት ግድግዳ።
በግማሽ መቀመጫ ትምህርቱን ቀጠልን።

«ሦስት ቅጠል ሶፍት፤ ጥቅልሉን በሙሉ አይደለም።
እጠፊው እንጂ አትጨምድጂው፣ የኔ ዓለም።
ከፊት ወደ ኋላ፤ ሁልጊዜ ወደ ኋላ፤
የኋላው ወደ ፊት ከመጣ ያምሻል በኋላ።
አሁን ሶፍቱን እዪው። ቆሽሿል? ድገሚ፤
ነጭ እስኪወጣ ድረስ አትቁሚ።
ውኃውን ልቀቂ። ከዚያ እጅሽን፣
በጣቶችሽ መሐል፤ አትርሺ አውራ ጣትሽን።»

የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ፤
ትናንት የቻለችው ይጠፋታል ዛሬ።
ሶፍቱን ጎትታ ሳሎን ድረስ ታነጥፋለች፣
ሙሽራ የሚያልፍበት አስመስላ ታሳምራለች።
አንድ ቀን በኩራት «ራሴ ጠረግሁ!» አለችኝ፤
የውስጥ ሱሪዋ ግን ሌላ ወሬ አወራኝ።
አልተቆጣሁም።
ተቆጣሁ፣ ትንሽ። ከዚያ ተንበርክኬ ይቅርታ ጠየቅኋት።

ማታ ሥራዬ የአረጋውያን ቤት ነው።
በር ላይ ቀይ መብራት ሲበራ የማውቀው፣
ወይዘሮ ፎይክት ናቸው፤ ዘጠና አንድ ዓመታቸው፣
ሒሳብ ነበር ሙያቸው።
ስሜን ይረሱታል፤
የአሥራ ሰባትን ብዜት ግን እስከ ሁለት መቶ ይወርዱታል።
«ፌርቲሽ» ይላሉ፣ በሹክሹክታ፣
ዓይናቸው ከዓይኔ ሸሽቶ ወደ መጋረጃው ጠርዝ፣ ወደ ጨለማው ቦታ።
ጨረስኩ ማለት ነው፤
ልጄ ለሕንጻው ሁሉ የምታውጀው፣
እርሳቸው የሚደብቁት ያው ቃል ነው።
ሞቅ ያለ ውኃ። ቀስ ብዬ። ከፊት ወደ ኋላ።
«ይቅርታ» ይሉኛል፤ ደግሞ «ይቅርታ» ከዚያም በኋላ።
አንድ ሌሊት ስለ ፊኛው ነገርኳቸው፤
እስኪያስሉ ሳቁ፣ እንባ አቀረረ ዓይናቸው።
«ቸኮላቱስ?» አሉኝ፣ «ማን በላው?»

ሐሙስ ጠዋት ገባሁ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣
ውኃ ሲወርድ ሰማሁ፤ ከዚያ ቧንቧ፤ ከዚያ ሳሙና ሲወድቅ።
ጠበቅሁ።
የሚጣራ የለም።
በሩ ተከፈተ፤ እጅጌዋ እስከ ክርን ረጥቦ፣
የቀሚሷ ጫፍ ታይቷ ውስጥ ገብቶ፣
«እማዬ መጣሽ?» ብላኝ አልፋ ሄደች ወደ ባቡሮቿ።
እኔም ኮሪደሩ ላይ፣
በመንገዴ የገዛሁትን አሥር ጥቅል ሶፍት አቅፌ፣
ቆሜ ቀረሁ፣
ድግስ እንዳልተጠራ ሰው።